ትምህርት ቤቱ ቀርቧል፤ ልጁስ?

ጥቅምት ሲገባ በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ ቆላ ማሽላው ፍሬ መያዝ ይጀምራል። የወፍ መንጋ የሚወርድበትም ያኔ ነው። ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚያባርረው፣ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ጀምበር ስትጠልቅ የሚገባው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ትምህርት የተከፈተው መስከረም ላይ ስለሆነ ይህ ልጅ ተመዝግቧል። ስሙ በመምህሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ በላከው ቁጥር ውስጥም አለ። ማካፈልና ክፍልፋይ በተማሩባቸው ሳምንታት ግን ክፍል ውስጥ አልነበረም። ኅዳር አጨዳው፣ ታኅሣሥ ውቂያው ይከተላል። ጥር ላይ ደብተሩን ይዞ ሲመለስ ጓደኞቹ ጥለውት ሄደዋል።

ይህ ልጅ ትምህርት ደርሶታል ይባላል? በቁጥሩ መሠረት አዎን። በወልዲያና በመርሳ መካከል፣ በሲሪንቃና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ቤተሰብ ዛሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ አያቶቹ ዘመን ሩቅ አገር አይደለም። ከዋናው የደሴ–ወልዲያ መንገድ ወጣ ብለው ባሉ መንደሮችም ሕንፃው ቆሟል፤ ባይሆን ዳሱ ተጥሏል። ተደራሽነትን የምንለካው ከዚህ ሕንፃ ተነሥተን ነው፤ ስንት ክፍል ተሠራ፣ ስንት መምህር ተመደበ፣ ስንት ተማሪ ተመዘገበ እያልን። እኔ የማምነው ስሌቱ ከልጁ ቤት መጀመር እንዳለበት ነው። ከቤቱ ማን ወጣ? ማን ቀረ? የቀረው ምን ይዞት ቀረ? ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ "ለሁሉም ትምህርት" የሚለው ቃል ቀድሞም መምጣት ለሚችለው ልጅ ብቻ የተሰጠ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ይህ አገር ተማሪን የማኖር ልማድ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ነበረው። የጁ ውስጥ የምትገኘው ዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከየአቅጣጫው ደረሳ የሚሰበሰብባት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ደረሳው ስንቁ ቢያልቅ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ፤ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በየደጁ ሲቆም መንደሩ የተማሪውን ቀለብ እንደ ራሱ ግዴታ ይቆጥረዋል። የቤተ ክህነት ትምህርት በቃል የሚጠና በመሆኑ ዓይናቸው የማያይ ልጆችም ዜማውንና ቅኔውን ተምረው መምህር እስከ መሆን ይደርሱ ነበር። ያ ሥርዓት ሴት ልጅን ከሞላ ጎደል ወደ ውጭ የተወ ነበርና የናፍቆት ሐውልት ልሠራለት አልፈልግም። ግን አንድ ነገር አውቆ ነበር፤ ተማሪ የሚማረው በልቶና ማደሪያ አግኝቶ እንደሆነ፣ ያንንም መሸፈን የወላጅ ብቻ ዕዳ እንዳልሆነ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በብዙ ጉድለቱ መካከል ከተማሪው ኑሮ የመነሣትን ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። አስተማሪው ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሄደ፤ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ራሱ በመግቢያው የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ ከ22 በመቶ በታች እንደነበር ይናገራል። በዚያን ጊዜ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ተጠጋ። ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም። የገበሬ ልጅ፣ በተለይም የገበሬ ሴት ልጅ፣ ቀለም መቁጠሯ ተራ ነገር የሆነው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ነገር ግን ቁጥሩ ሲሮጥ እውቀቱ አብሮት አልሮጠም። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት ከኢትዮጵያ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ቁጥጥር ሲጠብቅ ሁሉም ነገር ገሃድ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን የ12ኛ ክፍል ውድቀት አድርጎ አወራው። የወደቀው ግን ከ2ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ወደ ክፍል የተዛወረው ልጅ ነው ዐሥር ዓመት ቆይቶ ፈተና ወረቀት ፊት የተቀመጠው።

በሰሜን ወሎ ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተደረበ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ አንድ የሐብሩ ልጅ እናስብ። መጋቢት 7 ቀን ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘጋው። በጥቅምት 2013 ትምህርት እየተከፈተ ሳለ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ደረሰ፤ ልጁ 3ኛ ክፍል ሊገባ ሲዘጋጅ ቤተሰቡ ወይ ሸሸ፣ ወይ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አካባቢው በጦርነት ውስጥ ነበር፤ ሲለቀቅ ወንበር፣ መጽሐፍና የቤተ ሙከራ ዕቃ የተዘረፈባቸው ትምህርት ቤቶች ተገኙ። በሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እንኳ አልተረፈም። በነሐሴ 2014 ውጊያው ቆቦ ላይ ዳግም ተነሣ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በጥቅምት 2015 ሲፈረም ልጁ በዕድሜው 4ኛ ክፍል መሆን ነበረበት። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ውጊያ ትምህርትን ዳግም አቋረጠ። በ2017 ዓ.ም. በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የነበሩት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በመላው ኢትዮጵያ 9 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ከትምህርት ከቀሩት የአገሪቱ ልጆች ግማሽ ያህሉ በአንድ ክልል ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ያ በ2012 የጀመረው ልጅ ዛሬ 14 ዓመት ያህል ሆኖታል። ድምፁ እየጎረነነ ነው። ተመልሶ ከ9 ዓመት ሕፃናት ጋር 3ኛ ክፍል ወንበር ላይ ይቀመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ልጁን አያውቀውም። መንግሥት "ወደ ትምህርት ገበታ እንመለስ" ሲል የሚከፍትለት በር ግን ብዙ ጊዜ ያ ያረጀው በር ብቻ ነው። የተፋጠነ ትምህርት የሚባለው፣ ሦስት ዓመት የሚፈጀውን ንባብና ስሌት በአንድ ዓመት ውስጥ አጥብቆ አስተምሮ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር የሚያገናኘው ዘዴ፣ በኢትዮጵያ በተለያዩ ክልሎች ተሞክሮ ሠርቷል። ወሎ ውስጥ ከማንኛውም ሕንፃ ግንባታ ይልቅ አሁን የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ጦርነት ሳይኖርም ቤት የቀረው ልጅ ነው። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ። በኢትዮጵያ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች መካከል ትምህርት ቤት የደረሱት ከዐሥሩ አንዱ ያህል ብቻ እንደሆኑ የትምህርት ሚኒስቴር መረጃ ራሱ ሲያሳይ ቆይቷል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ሳላማንካ 92 መንግሥታት አካቶ ትምህርትን መርህ አድርገው ተቀበሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዘዘ። በተራራ ጥግ የተሠራ የገጠር ትምህርት ቤት ግን ደረጃ እንጂ የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ የለውም፤ መጸዳጃ ቤቱ ለምታነክስ ልጅ አይሆንም፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ትቀራለች።

የማይታዩ ጉዳቶችም አሉ። ትራኮማ በአማራ ክልል ለረጅም ዘመን የኖረ የዓይን በሽታ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በክልሉ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ሰሌዳውን አጥርቶ የማያይ ልጅ "ሰነፍ" ይባላል። መስማት የሚቸገረውም "ልበ ደንዳና" ተብሎ ኋላ ወንበር ላይ ይወረወራል። ማንም ዓይኑንና ጆሮውን አልመረመረውም። ወልዲያ ወይም ደሴ ሆስፒታል ድረስ ሳይሄዱ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት መምህሩ በፊደል ሰንጠረዥ የዓይን ችግርን መለየት ይችላል፤ ወጪው አንድ ወረቀትና የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። ይህ ያለመደረጉን ምክንያት በድህነት ብቻ ማስረዳት አልችልም።

ሴት አካል ጉዳተኛ ስትሆን ነገሩ ይደረባል። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ1982 በወሎ አማራ ሳይንት ተወለደች፤ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ኋላም ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ቀጠለች፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግና ማኅበራዊ ሥራ አጠናች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። ዓይኗን ባታጣ ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ይዛ ትቀር እንደነበር ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ይህን ንግግር ባሰብኩ ቁጥር ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው፣ ለዓይነ ስውር ልጅ ከወሎ ሻሸመኔ ድረስ መሄድ አስፈላጊ የነበረበት ርቀት። ሁለተኛው፣ የሚያዩት የመንደሯ ሴት ልጆች ምን እንደገጠማቸው።

ለእነዚያ ልጆች በክልሉ ውስጥ የተሞከረ መልስ አለ። ባሕር ዳር አጠገብ በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. "ብርሃነ ሔዋን" የሚባል ፕሮግራም ተካሂዶ ነበር። ልጃገረዶቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፤ ደብተርና የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸዋል፤ የሽማግሌዎችና የወላጆች ውይይት ይደረጋል። ቤተሰቡ ልጁን ሳይድር ለሁለት ዓመት ካቆየ የቤት እንስሳ ይሰጠዋል። በኋላ በተደረገው ግምገማ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ከሌለበት ቦታ አንድ ዐሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ። አንድ እንስሳ ወግ ይለውጣል ማለት አይደለም። ለአባት ግን ልጁን ማቆየት ኪሳራ እንዳይሆንበት አድርጎ ነበር፤ ሕግ ያላደረገውን አደረገ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከከለከለ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በሐብሩና በራያ ከጋብቻ ጋር የሚፎካከረው ስደት ነው። ከ8ኛ ክፍል በኋላ፣ አንዳንዴም በፊት፣ ልጅቱም ልጁም በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መንገድ ይጀምራሉ። የሂዩማን ራይትስ ዎች ዘገባ እንደሚለው ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል። ይህን እያወቁ ይሄዳሉ። የሄደው ጎረቤት አገር ቤት የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ ዲፕሎማ የያዘው የመምህሩ ልጅ ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ፣ ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ስለዚህ የትምህርት ጥራትን የመምህራን ሥልጠናና የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይበቃም። ልጁ የሚቆየው የተማረ ሰው በትምህርቱ ሲኖር ሲያይ ነው።

ተፈናቃይ ልጆችስ? በሐብሩ ወረዳ ጃራ በሚባለው መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ለዓመታት ኖረዋል። ልጁ ሲሸሽ መሸኛ አልያዘም። መሸኛ የሌለው ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደነበር ማን ይመሰክራል? ቋንቋውስ በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየ ከሆነ? ለእንዲህ ያለ ልጅ የንባብ ፈተና ሰጥቶ በችሎታው የሚመድብ አንድ መምህር ከሁለት መቶ ገጽ መመሪያ ይሻላል።

በዓለም ላይ የተሳካላቸው ምን አደረጉ? ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 በ22 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤቶች ጀመረ። አንድ አስተማሪ፣ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ የተገኘች ሴት፣ 30 ያህል ልጆችን ትይዝ ነበር። የትምህርቱን ሰዓት የሚወስኑት ወላጆችና መምህሯ ተመካክረው ነበር። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ለድሃ እናቶች ልጃቸው ትምህርት ቤት እስከተገኘ ድረስ ገንዘብ መስጠት ጀመረች፤ ለሴት ልጅ ከፍ ያለ ክፍያ ተደረገ፤ በገጠር የሁለተኛ ደረጃ ተሳትፎ ጨመረ። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በማንበብ ደረጃቸው መድቦ በቀን ጥቂት ሰዓት አስተማረ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1977 ልዩ ክፍሎችን በሕግ አፍርሳ ሁሉንም ልጅ በአንድ ክፍል አስቀመጠች፤ ግን ደጋፊ መምህር አብራ ቀጠረች። ይህችን ሁለተኛዋን ግማሽ ብዙ አገር ይረሳል። የኛም አገር "አካቶ" ሲል ብዙ ጊዜ ልጁን ክፍል ያስገባና መምህሩን ከ60 ተማሪ ጋር ብቻውን ይተወዋል።

ሲሪንቃ ራሷ ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሆን አሠራር አላት። የምርምር ማዕከሏ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ላለው ቆላ የማሽላ ዝርያ ያወጣል፤ ግራና–1፣ የጁ፣ ራያ፣ ምስክር የመሳሰሉት ከዚያ የወጡ ናቸው። ተመራማሪው ዝናቡ በአጭር ጊዜ የሚያቆምበትን ማሳ፣ አቀንጭራ የያዘውን መሬት አይቶ ለዚያ የሚሆን ዘር ይፈልጋል እንጂ ዝናቡ እንዲረዝም አያዝም። የትምህርቱን ሥርዓት የሚያወጡት ግን ለደጋውም ለቆላውም አንድ የጊዜ ሰሌዳ ይልካሉ። በወፍ ጥበቃውና በአጨዳው ወራት ትምህርቱን በፈረቃ ማድረግ፣ የክረምቱን ዕረፍት ለቆላው በተለየ መልክ መቁጠር፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ኋላ ለቀሩት የማካካሻ ትምህርት መስጠት፣ ሁሉም ወረዳው ሊወስናቸው የሚችሉ ናቸው። ወረዳው ፈቃድ ከተሰጠው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ አሁን ደግሞ ከቀድሞው ይከብዳል። ዩኔስኮ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር በዓለም ከትምህርት ውጭ ያሉት ልጆችና ወጣቶች 272 ሚሊዮን ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የአሜሪካው ዩኤስኤይድ ተዘጋ፤ የሌሎችም ለጋሾች ዕርዳታ እየቀነሰ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጽሐፍና ለንባብ የዋለ ገንዘብ ከእነዚህ ምንጮች ብዙ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ከገንዘቡ በሚቀድመው ጉዳይ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የትኞቹ ልጆች እንደቀሩ ማወቅ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቤቱ እየገቡ እናት ያረገዘችበትን ወር፣ ሕፃን የተከተበበትን ቀን፣ መጸዳጃ ቤት መኖሩን ይመዘግባሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ፎልደር አላቸው። በዚያ ፎልደር ላይ ሁለት ጥያቄ ቢጨመር፣ ከ7 እስከ 14 ዓመት ካሉት የቤቱ ልጆች ማን ይማራል፣ የማይማረው ለምን ቀረ የሚሉ፣ ወረዳው በቀጣዩ ዓመት የትኛው መንደር ስንት መስማት የተሳነው ልጅ፣ ስንት የማታ ትምህርት ፈላጊ እረኛ፣ ስንት ሊዳሩ የተቃረቡ ልጃገረዶች እንዳሉት ያውቃል። ርዕሰ መምህሩና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ዝርዝሩን ነሐሴ ላይ ይረከባሉ፤ የመስከረም ምዝገባ የሚጀምረውም ከእነዚያ ቤቶች ይሆናል። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና የጤና ጽሕፈት ቤቱ ለዚህ የሚያስፈልጋቸው አንድ የጋራ ስብሰባና አንድ የተፈረመ ደብዳቤ ነው።